የአረጋውያንን መውደቅ የሚከታተሉ ሰዓቶች፦ ጥሪውን ማን ይቀበለዋል?

በካምፓላ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ በእግር መጓዝ ለወጣትም ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከፋብሪካና ከመጋዘን የሚወጡ ከባድ መኪናዎች፣ በመካከላቸው የሚሹለከለኩ ቦዳ ቦዳዎች፣ ወደ ናኪቩቦ ቦይ የሚወርደው የዝናብ ውሃ መንገዱን ከእግረኛው ጋር ይሻማሉ። ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ በናሙዎንጎ ለሚኖር አረጋዊ፣ ይህ የዕለት ተዕለት መንገድ ነው። በርካታ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን የሚኖሩበት ካባላጋላም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ 684,000 ገደማ ሰዎች በመውደቅ ምክንያት ይሞታሉ፤ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ሞት የሚደርሰው በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገራት ነው። መፍትሔ ተብለው የቀረቡት ተለባሽ መሣሪያዎች ግን በአመዛኙ የተሠሩት ለሌላው ዓለም ነው።

አፕል እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ2018 ለገበያ ያቀረበው የእጅ ሰዓት ከባድ መውደቅን ይለያል፤ ባለቤቱ ለአንድ ደቂቃ ያህል ካልተንቀሳቀሰም ራሱ ወደ አደጋ ጊዜ ስልክ ይደውላል። ሥራው የሚጀምረው ግን ሰው ከወደቀ በኋላ ነው። እርምጃን ለማጽናት የሚሞክሩት ሌሎች ናቸው። በ2003 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ተጠቃሚው በማይሰማው መጠን የሚንቀጠቀጥ የጫማ ሶል የአረጋውያንን መወዛወዝ እንደቀነሰ አሳይቷል። በዕድሜ የደነዘዘ እግር መሬቱን ዳግም እንዲያውቅ ያግዛል ማለት ነው።

አንድ ችግር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። መውደቅን የሚለዩት ቀመሮች በአብዛኛው የተሞከሩት ጤናማ ወጣቶች በቤተ ሙከራ ፍራሽ ላይ ሆን ብለው ሲወድቁ በተሰበሰበ መረጃ ነው። በሲሊፐር፣ ሸክም ይዞ፣ በጎርበጥባጣ መንገድ የሚራመድ አረጋዊ እዚያ ውስጥ የለም።

ዋጋው ደግሞ አለ። ዩጋንዳ ዕድሜያቸው 80 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ዜጎች ስትሰጥ የቆየችው ድጎማ በወር 25,000 ሽልንግ፣ ሰባት ዶላር ገደማ ነው። 250 ዶላር የሚያወጣ ሰዓት የሦስት ዓመት ድጎማ ይውጣል። ተገዝቶስ? ሰዓቱ ሲደውል የሚደርስ አምቡላንስ ከሌለ፣ የሚጠቅመው የጎረቤት ስልክ ብቻ ነው።

ኮክሬን በ2019 ያወጣው የጥናቶች ግምገማ የአካል ብቃት እንቅስቃሴ በቤታቸው የሚኖሩ አረጋውያንን የመውደቅ መጠን በ23 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አመልክቷል። ይህን ለማስተማር በዩጋንዳ የመንደር ጤና ቡድኖች፣ በኢትዮጵያም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ። በእኔ ግምት ቴክኖሎጂው በዚህ አካባቢ ቶሎ የሚጠቅመው በእያንዳንዱ አረጋዊ ክንድ ላይ ሲታሰር ሳይሆን፣ አንድ ጤና ጣቢያ ጥቂት ዳሳሾች ይዞ የመጣውን ሁሉ ለደቂቃዎች አስኪዶ፣ እርምጃው የተዛባውን አስቀድሞ ለመለየት ሲጠቀምበት ነው።