ስጦታችን ቆሼ አይውረድ!

እንቁጣጣሽ በመጣ ቁጥር የፕላስቲክ አበባ በፌስታል አንጠልጥለን ዘመድ ጥየቃ እንሄዳለን። አደይ አበባ ሜዳውን ሞልቶት ሳለ! ለመሆኑ ያ ሁሉ ፕላስቲክ በዓሉ ሲያልፍ የት ይገባል? አንዳንዱ ቱቦ ይደፍናል፤ ሌላው ቆሼ ይወርዳል። ቆሼ ማለት መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን የቀበረው የቆሻሻ ተራራ ነው። ረሳነው እንዴ?

ሕግ ጠፍቶ አይደለም። ስስ ፌስታል በ1999 ዓ.ም. በአዋጅ ተከልክሎ ነበር፤ ማን ሰማው? በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ምክር ቤቱ ቅጣት ያለው ጠበቅ ያለ አዋጅ አጸደቀ። ይሁንና ቅጣት ዘንቢል አይሆንም። መንግሥት የጉልት ቸርቻሪዋን ከማሳደዱ በፊት፣ ሰንደዶና አክርማ ሰፍተው ለሚያድሩ እናቶች መሸጫ ቦታ ይስጥ።

እኛስ? የኔ ምክር አጭር ነው፤ የሚበላ፣ የሚለበስ፣ የሚነበብ ወይም የሚተከል ስጡ። ለእማማ በዘንቢል ቡና፣ ለአባባ የሽሮ ሜዳ ጋቢ፣ ለልጆች መጽሐፍ፣ ለሙሽሮች የጌሾ ችግኝ። ያኔ ሸማኔውም ስፌት ሰፊዋም በዓሉን በዓል ብለው ይውላሉ። ስጦታ ለዘመድ እንጂ ለቆሼ አይሰጥም!