የጨዋታው ዓለም ጌዴኦ ይሁን
ጠረጴዛ ከበው ዳይስ እየወረወሩ ታሪክ የሚፈጥሩበት፣ በ1974 እ.ኤ.አ. የወጣው ‹ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ› የተባለው ጨዋታ ከአውሮፓ ግንብና ከዘንዶ ጋር አስተዋውቆናል። የዲላ ወጣቶች ግን የሚጫወቱበትን ዓለም ከደጃቸው፣ ከጌዴኦ ምድር ቢመርጡ እላለሁ። በጨልባ ቱቱቲና በቱቱ ፈላ ትክል ድንጋዮች አሉ፤ ሳካሮ ሶዶ ላይ ያሉት ደግሞ ወደ 1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደሚዘልቁ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ማን አቆማቸው? ለማን? ጨዋታውን የሚመራው ሰው ከዚህ የበለጠ ምስጢር ከየት ያመጣል! በዛፍ ጥላ ሥር የበቀለው እንሰትና ቡና፣ ሽማግሌዎች የሚዳኙበት ሶንጎ፣ በየ8 ዓመቱ ሥልጣን የሚያሸጋግረው የባሌ ሥርዓት፤ ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ዓ.ም. የመዘገበው መልክዓ ምድር ይኸው ነው። በውስጡ ያሉት የተከበሩ ደኖች ግን ሥርዓት የሚፈጸምባቸው ናቸውና የጭራቅ ማደኛ አይሁኑ፤ ተጫዋቾቹ አስቀድመው አባቶችን ይጠይቁ።