ኮፈን መክፈት የማትችለው ባለ መንጃ ፈቃድ

አያት የምትኖሩ ሰዎች ይሄን ታውቁታላችሁ። እሁድ ጠዋት፣ ሰው ቤተክርስቲያን ደርሶ ሳይመለስ፣ በሪል እስቴቱ መሀል ባሉት ጸጥ ያሉ መንገዶች ላይ ብቅ ብትሉ የሚበዛው የለማጅ መኪና ነው። አባት ልጁን ያለማምዳል፣ ወንድም እህቱን ያለማምዳል፣ ባል ሚስቱን ያለማምዳል (ይሄኛውን አልመክርም፤ ጭቅጭቁ አራተኛ ፎቅ ድረስ ይሰማል)። መኪናው ይነሳል፣ እንደ ፌንጣ ይዘላል፣ ይጠፋል። ከኋላ ያለው ጡሩምባውን ያንባርቃል። እንደገና ይነሳል። እኔም ፍሪሲዮንና ቤንዚን ማመጣጠን የተማርኩት እዚያው ነው። ያኔ ዘልዬ የወጣሁበት የመንገድ ጠርዝ እስካሁን የተሸራረፈ ነው፣ ባለፍኩ ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ።

ዛሬ ግን ስለ ፍሪሲዮን አይደለም የማወራው። እግርና እጅ በልምምድ ይገራሉ። እኔን የሚያሳስበኝ አፍ ነው። ማለቴ፣ ለተግባር ፈተና ስንቀርብ ፈታኙ ቢጠይቀን ብለን በቃላችን የምንሸመድዳቸው ጥያቄዎች።

ፎቶ ኮፒውን አይታችሁታል አይደል? የኮፒ ኮፒ ስለሆነ የመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ ፊደሉ ጭጋግ ውስጥ ገብቷል። አሁን አሁን በቴሌግራም ይዞራል፣ ጭጋጉ ግን ያው ነው። ጥያቄ፣ ከሥሩ መልስ፣ ጥያቄ፣ ከሥሩ መልስ። እኔ ሁሉንም ሸምድጄው ነበር። የቄስ ትምህርት ቤት ተማሪ እንኳን እንደኔ አይወርደውም። የኮምፒውተሩን ፈተና በሱ አለፍኩ፣ ሀ ለ ሐ መ ብቻ ስለሆነ ችግር የለውም። ከዚያ የተግባሩ ቀን መጣ።

አንዳንዱ ፈታኝ ምንም አይጠይቅም፤ «ግቢ፣ ንጂ» ብቻ ነው። የኔው ግን ወሬ የሚወድ ሰው ነበር መሰለኝ ከመግባቴ በፊት መኪናው አጠገብ አቆመኝና «እስቲ ከመነሳትሽ በፊት ምን ምን ትፈትሻለሽ?» አለኝ። አወረድኩለት። የራዲያተር ውሃ፣ የሞተር ዘይት፣ የፍሬን ዘይት፣ ነዳጅ፣ የባትሪ ውሃ፣ የጎማ ንፋስ፣ መብራት፣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ... ትንፋሽም አልወሰድኩም።

«ጎበዝ። የሞተር ዘይቱን በምን ታዪዋለሽ?»

«በዘይት መለኪያ ዘንግ!»

«የታለ እስቲ?»

ኮፈኑ ላይ አፈጠጥኩ። ኮፈኑም እኔ ላይ። ወዳጆቼ፣ ዘንጉ ይቅርና ኮፈኑ ራሱ በየት በኩል እንደሚከፈት አላውቅም ነበር። ያን ሁሉ ሳምንት ስሰለጥን አንድም ቀን ተከፍቶ አላየሁትም። ለምን ይከፈታል? የስልጠና ሰዓት ነው፣ ሰዓቱ ነዳጅ ነው፣ ነዳጁ ብር ነው። ፈታኙ ትንሽ ጠበቀኝና ሳቀ። «በይ ግቢ፣ ባልሽ ይከፍትልሻል» አለኝ። ገባሁ፣ ነዳሁ፣ አለፍኩ።

ባል የለኝም። ቢኖረኝም እሱም ያነበበው ያንኑ ፎቶ ኮፒ ነው።

መንጃ ፈቃድ የምንለው ወረቀት በሕግ ስሙ «የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ» ነው። በ2000 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 600ም፣ በ2010 ዓ.ም የተካው አዋጅ ቁጥር 1074ም የሚጠሩት በዚሁ ስም ነው። ብቃት፣ ማረጋገጫ። እኔ የተረጋገጠልኝ ብቃት ግን የማስታወስ ብቃት ነበር። (በር ላይ ቆሞ ይሄንንም ሳትሸመድዱ ሊያሳልፋችሁ ቃል ስለሚገባው ደላላ ዛሬ አላወራም፤ እሱ ለብቻው ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።)

ይሄ ሁሉ ሳቅ ሆኖ ይቀር ነበር፣ የፍሬኑ ነገር ባይመጣ።

ፈቃዴን ካወጣሁ ጥቂት ወራት በኋላ የአክስቴን ልጅ ቪትዝ ተውሼ ከአያት ሲኤምሲ እመላለስ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ፍሬኑን ስረግጠው ትንሽ ለስለስ አለኝ። በሁለተኛው ሳምንት ጠለቅ ይል ጀመር። እኔ ምን አልኩ? «ይቺ መኪና ጠባይዋ ነው» አልኩ። ቶሎ ስላልያዘልኝ ሁለት ጊዜ እየደጋገምኩ መርገጥ ለመድኩ፣ ያውም ብልሃት ያገኘሁ መስሎኝ። ያንን መንገድ ታውቁታላችሁ፤ ከ2008 ዓ.ም ጀምሮ ባቡሩ መሀሉን ይዞታል፣ ሰዉ ወደ ጣቢያው ለመድረስ ከየአቅጣጫው ይሻገራል፣ ማታ ማታ ደግሞ ተማሪውም ሠራተኛውም ባንድ ላይ ይወርዳል። እኔ በዚያ መሀል ሁለቴ የሚረገጥ ፍሬን ይዤ እነዳለሁ።

አንድ ቅዳሜ አጎቴን ላደርሰው አሳፈርኩት። አጎቴ ዕድሜ ልኩን ተሳቢ ሲነዳ የኖረ፣ አሰብና አዲስ አበባ የተመላለሰ ሰው ነው። አያት አደባባይ ስንደርስ እግሬን አየ። ፊቴን ሳይሆን እግሬን።

«የኔ ልጅ፣ ይሄ ፔዳል ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚገባው?»

«እንዲሁ ነው ጋሼ፣ ጠባይዋ ነው።»

«አቁሚ።»

ዳር ይዤ አቆምኩ። ኮፈኑን ከፈተና የፍሬን ዘይቱን ዕቃ አሳየኝ፤ ከዝቅተኛው መስመር በታች ወርዶ ነበር። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጎማዎቹን ከውስጥ በኩል አንድ ባንድ አያቸው። ከኋላ የግራው እርጥብ ነበር፣ ያፈስሳል። «ስንት ቀን ቀርቶሽ ነበር መሰለሽ?» አለኝ። አልመለስኩለትም። መኪናዋ ከዚያ ቦታ ተጎትታ ነው የሄደችው።

አሁን የሚያበግነኝን ልንገራችሁ። ያ ጥያቄ ፎቶ ኮፒው ላይ ነበር! «የፍሬን ዘይት ማነስ ምን ያስከትላል?» መልሱን አውቀው ነበር። አሁንም ብትቀሰቅሱኝ ከእንቅልፌ ተነስቼ እመልሰዋለሁ። ግን መልሱ የተቀመጠው ጭንቅላቴ ውስጥ ነው፣ ምልክቱ የመጣው በእግሬ በኩል ነው። ሁለቱ አልተገናኙም። ያገናኛቸው ሰው አልነበረማ።

ዜና ላይ «ፍሬን በጥሶ» የሚል ቃል ሰምታችኋል። ከባድ መኪና ፍሬን በጥሶ ቁልቁል ወረደ፣ እንዲህ ያለ ጉዳት አደረሰ። ስንሰማው ፍሬን ማለት እንደ ታሰረ በሬ ድንገት ገመዱን በጥሶ የሚፈረጥጥ ነገር ይመስለናል። አንዳንዴ እውነትም ድንገት ይሆናል። ብዙውን ጊዜ ግን ፍሬን ከመበጠሱ በፊት ይናገራል። ይለሰልሳል፣ ይጠልቃል፣ መኪናውን ወደ አንድ ጎን ይጎትታል፣ ይጮሃል፣ ቁልቁለት ላይ በማርሽ ሳይያዝ እየተረገጠ ብቻ ሲወርድ ይግላል፣ ይሸታል። በአዲስ አበባ መንገድ ላይ በመኪና አደጋ ከሚሞተው ሰው አብዛኛው እግረኛ ነው። ፍሬኑ ሲናገር የነበረውን ያልሰማው ሹፌር ነው፣ የሚሞተው ግን ዜብራ ላይ የቆመው ነው።

እና የቃል ጥያቄው ይቅር እያልኩ አይደለም። ተቃራኒውን ነው የምለው። ከጠቅላላው ፈተና ውስጥ አንድ ሰው አፉን ከፍቶ «ይሄ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው» የሚልበት ብቸኛው አጋጣሚ እሱ ነው። ግን ይጠየቅ ከተባለ ሁሉም ሰው ይጠየቅ፣ የሚጠየቀውም በእጁ እየነካ ይመልስ።

እንግሊዞች ይሄን ነገር እንዴት እንዳደረጉት ልንገራችሁ፤ ለንደን ያለ ጓደኛዬ ደርሶበት ነው የነገረኝ። እዚያ ከ2003 ጀምሮ (በፈረንጆቹ ነው) የተግባር ፈተናው ውስጥ «አሳየኝ፣ ንገረኝ» የሚባሉ ጥያቄዎች አሉ። ከ2017 ወዲህ አሠራሩ ተቀይሮ አንዱን ከመነሳትህ በፊት በቃል ትመልሳለህ፣ ሌላውን ደግሞ እየነዳህ ታሳያለህ። እየነዳህ! ዓይንህን ከመንገዱ ሳትነቅል የፊት መስታወቱን እጠብ፣ መብራት አብራ፣ የጎን መስታወት ክፈትና ዝጋ ትባላለህ። ጥያቄዎቹ በጠቅላላው 21 ናቸው፣ መንግሥት ራሱ ከነመልሳቸው በነጻ ያወጣቸዋል። ምስጢር የለም፣ የሚሸጥ ፎቶ ኮፒ የለም። ብትሳሳት እንደ አንድ ቀላል ጥፋት ነው የሚቆጠርብህ፣ እስከ 15 ቀላል ጥፋት ድረስ ይፈቀዳል። ጭንቀት የለውም። የፍሬኑ ጥያቄ መልስ ምን መሰላችሁ? ፔዳሉ መለስለስም መላላትም የለበትም፣ እንደተነሳህ ወዲያው ሞክረው፣ መኪናው ወደ አንድ ጎን መሄድ የለበትም። ቪትዟ ለሁለት ሳምንት ስትነግረኝ የነበረው ይኸው ነው።

ጓደኛዬ አዲስ አበባ ላይ አሥር ዓመት ነድቷል። ለንደን ላይ «የወንበሩ የጭንቅላት መደገፊያ በትክክል መስተካከሉን እንዴት ታውቃለህ?» ሲባል ግን አፉን ይዞ ቀረ። መደገፊያው ከኋላ ስትገጭ አንገትህ እንዳይቀነጠስ የተሠራ ስለሆነ ጠንካራው ክፍሉ ቢያንስ ከዓይንህ ወይም ከጆሮህ ጫፍ እኩል መድረስ አለበት። «እኔ እኮ ጌጥ ይመስለኝ ነበር» ብሎኛል። አይፈረድበትም፤ እዚህ ስንትና ስንት መኪና ላይ ከነላስቲኩ አለ።

አውቃለሁ፣ «ሁሉም ሰው መካኒክ ይሁን ወይ?» የሚል ይኖራል። አይሁን። እኔ እንዲያውም ከፎቶ ኮፒው ግማሹ ቢቃጠል ደስ ይለኛል። መምጠጥ፣ ማመቅ፣ ጉልበት፣ ማስወገድ። አራቱን የሞተር ምቶች በቅደም ተከተል አውቃለሁ፣ እስከዛሬ አንዱም አያት አደባባይ ላይ አልጠቀመኝም። መጽሐፉ «የማለስለሻ ክፍል» ይላል፤ ጋራዥ ሄዳችሁ «የማለስለሻ ክፍሌ ችግር አለበት» በሉ እስቲ፣ ልጆቹ ለሳምንት ይስቁባችኋል። ጋራዡ የሚያውቀው ጣሊያን ጥሎልን የሄደውን ፍሬን፣ ፍሬቻ፣ ካምቢዮና ኮፈን ነው። ሹፌር ሊያውቀው የሚገባው ደግሞ ጥቂት ነው፤ ፍሬን፣ ጎማ፣ መብራት፣ ቀበቶ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ ሲበራ ማቆም። እነዚህን በደንብ። ሌላውን ጎሚስታውና መካኒኩ ይኑሩበት።

የምትዘጋጁ ካላችሁ እኔ ያላደረግኩትን አድርጉ። ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ ቆመ መኪና ሂዱ። የማንም መኪና ይሁን፣ ጎረቤት አይከለክልም። እያንዳንዱን ጥያቄ ዕቃውን ነክታችሁ፣ በራሳችሁ አማርኛ፣ «ለምን?» ብሎ ለሚነዘንዛችሁ ሰው መልሱ። ነዝናዛ ዘመድ የሌለው ሐበሻ ደግሞ አላውቅም። ጎማውን ስታዩ ንፋሱን ብቻ አትዩ፣ ጥርሱን በጣታችሁ ዳስሱት። ከኋላ ያለው የፍሬን መብራት መሥራቱን ብቻችሁን ስትሆኑ እንዴት ታዩታላችሁ? (ግድግዳ አጠገብ ኋላችሁን አስጠግታችሁ፣ ረግጣችሁ፣ ቀዩን ግድግዳው ላይ።) ይሄን ፎቶ ኮፒው ላይ አላገኘሁትም፣ አጎቴ ነው ያሳየኝ።

አንድ ነገር ግን አጎቴንም የበለጠው አለ። በ2016 ዓ.ም መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። በአያት መንገድ ላይ የኤሌክትሪኩ ቁጥር በየወሩ ሲጨምር በዓይናችን እያየን ነው። ፎቶ ኮፒው ግን ካርቡሬተር ላይ ነው ያለው። ስለ ብርቱካናማዎቹ ኬብሎች፣ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ስለሚያልፍባቸው መነካካት እንደሌለባቸው፣ የሚነግረን ማነው? እግርህን ስታነሳ ብቻ መኪናው ራሱን እንደሚይዝና ባትሪውን እንደሚሞላ? ድምፅ ስለሌለው ጀርባዋን ሰጥታ የምትሻገር እናት እንደማትሰማህ?

የአክስቴ ትንሿ ልጅ በቅርቡ ትፈተናለች። ባለፈው እሁድ አጎቴ እዚያው የተሸራረፈው ጠርዝ አጠገብ አቁሞ ይጠይቃት ነበር። መኪናው የቤተሰቡ አዲሱ ኤሌክትሪክ ነው። ኮፈኑን እሷ ራሷ ከፈተችው፣ አንድ ለሷ። ከዚያ ወረቀቷን አየች፣ ወደ ውስጥ አየች።

«ጋሼ፣ የሞተር ዘይቱ መለኪያ የታለ?»

አጎቴ ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየ። በዚህ በኩል አየ፣ በዚያ በኩል አየ። ቀና ሲል መነጽሩን ከኪሱ አውጥቶ እየጠረገ «እስቲ የመኪናውን መጽሐፍ አምጪልኝ» አላት። አመጣችለት። ገለጠው። ከዳር እስከ ዳር ቻይንኛ ነው።