ድር ቢያብር ማንን ያስር?

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» አለ አሠልጣኙ። ከሚሴ ነን፤ አዳራሹ ወብቋል፣ ለሻይ ዕረፍት አሥር ደቂቃ ቀርቷል። በኢንተርኔት የሚነዛውን ጥላቻ እንዴት እንደምናሸንፍ እያስተማረን ነው። መላው እንዲህ ነው፦ ከተማችንን የሚያሞግስ አንድ ሊንክ እንመርጣለን፣ ሁላችንም በአንድ ቀን በየገጻችን እንለጥፈዋለን፤ ከዚያ በኋላ ሰው «ከሚሴ» ብሎ ሲፈልግ የእኛ ላይ ይወጣል፣ የጥላቻው ታች ይሰምጣል። አዳራሹ አጨበጨበ።

ማስረጃም አመጣ። በ1996 ዓ.ም. ጎግል ላይ አይሁድን የሚጠራውን የእንግሊዝኛ ቃል የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው «ጁ ዋች» የተባለ ፀረ አይሁድ ድረ ገጽ ነበር። የተቆጡ ሰዎች ተጠራርተው የዊኪፔዲያን ጽሑፍ በየገጻቸው አገናኙና ወደ ላይ አወጡት። እውነት ነው።

አሠልጣኙ ግን ታሪኩን እኩሌታው ላይ አቆመው። ጠላቶቻቸውም ያንኑ ብልሃት ተማሩ፤ እነሱም ተጠራርተው ወደ ጥላቻው ገጽ ማገናኘት ያዙ። ጎግል ውጤቱን በእጄ አልነካም ብሎ አንድ የማብራሪያ ማስታወሻ ለጠፈና ተቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ እንዲህ ያለው የሊንክ ዘመቻ እንዳይሠራ ስልቱን አሻሻለ። በአበል የተማርነው መድኃኒት ጊዜው ካለፈበት ስንት ዓመቱ!

ይሁን፣ ይሠራል እንበል። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፦ ለመሆኑ ብዙው ማን ነው?

ከሚሴ ያለችበት የኦሮሞ ብሔረሰብ ልዩ ዞን ሕዝብ በአማራ ክልል ውስጥ ጥቂት ነው። በዞኑ ውስጥ ያለው አማራ ጎረቤቱም እዚያው ጥቂት ነው። አይሁድም በኖሩበት አገር ሁሉ ማለት ይቻላል ጥቂት ነበሩ። ታዲያ ጥቂትን ሰው «ና፣ በቁጥር ግጠም» ማለት ምክር ነው ወይስ ፍርድ? ዛሬ እኛ አምስት መቶ ሊንክ ብንለጥፍ፣ ነገ የሚጠላን አምስት ሺህ ይዞ ይመጣል። ያን ጊዜ ምን ልንል ነው? ብዛት ሐቅ ነው ያልነው እኛው ነን!

ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ የሚወርድ ሰው ይህን ያውቀዋል፦ ሺህ ሰው ቢጮህ ግመል በቅሎ አይሆንም። ሽማግሌ ፊትም ምስክር ይመዘናል እንጂ አይቆጠርም። እንዲህ ያለ ልማድ ላለው ሕዝብ ነው እንግዲህ መቁጠርን ልናስተምረው የመጣነው።

ከጎኔ የተቀመጠው ወጣት ማዕዘኑ የተሰነጠቀ ስልኩን አቀበለኝ። «ጋሼ፣ እኔ እንኳ አጋልጬዋለሁ» አለኝ። ስልኩ ላይ ያለው ጽሑፍ አጣዬ ከተማ በተቃጠለችበት በ2013 ዓ.ም. የተጻፈ ነው፤ የአንድን ወገን ሰው በሙሉ በጅምላ የሚረግም። ወጣቱ ከላዩ «ውሸት ነው! ሼር አድርጋችሁ አጋልጡት» የሚል ጨምሮበት ለጓደኞቹ በትኖታል፤ እነሱም ለጓደኞቻቸው። ጽሑፉን የሚያሰራጨው ማሽን ንዴቱን ከየት ያውቃል? ይቆጥራል። ድር ያደራን ሲመስለን ለሸረሪቷ ዝንብ እየሰበሰብንላት ነው።

የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በፌስቡክ ስማቸውና ፎቷቸው እየተለጠፈ ሲወነጀሉ፣ ልጃቸው ጽሑፎቹ እንዲነሡ ደጋግሞ ለኩባንያው አመለከተ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ፕሮፌሰሩ ተገደሉ። ያን ሰሞን ስንት የምስጋና ሊንክ ብንለጥፍ ይተርፉ ነበር? አሠልጣኙ ቁጥር ይወዳልና ቁጥሩን ይንገረኝ። ልጅየው ሊንክ አልቆጠረም፤ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ ላይ ከሰሰ። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሏል።

እኛም አገር አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ። የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያ የጥላቻ ንግግር ጥቆማ በደረሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ማንሣት አለበት ይላል። አዋጁ የራሱ ጣጣ አለው፤ እሱን ሌላ ቀን እንነጋገርበታለን። ቢያንስ ግን ኃላፊነቱን ጽሑፉን በሚያሰራጨው ኩባንያ ላይ ይጥላል። አሠልጣኙ የጣለው በማን ላይ ነው? በተሰደበው ላይ! ተሰድበህ ስታበቃ፣ ስድቡን በራስህ ካርድ፣ በራስህ ኢንተርኔት፣ በራስህ ሌሊት ቅበረው ነው የተባልነው።

ሻዩ ላይ ይህን ለወጣቱ ነገርኩት። ስንመለስ እጁን አወጣ።

«ሃያ አራት ሰዓቱን ማን ነው የሚቆጥርልን?» አለ።

«በጣም ጥሩ ጥያቄ!» አለና አሠልጣኙ ሰዓቱን አየ። ከዚያም ፎቶ እንድንነሣ፣ ፎቶውንም ሁላችንም እንድንለጥፈው አዘዘን።