የማን እሸት?

ባለፈው ጥር አንዷ ጓደኛችን ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትሄድ ማክሰኝት ላይ ወርዳ «እሸቱ ደርሷል፤ ማን ልቅመስ ይላል?» ብላ ለሁላችንም ጻፈች። አንዱ ወዲያው «የማን እሸት?» አላት። «የሽምብራው ነዋ! ያንተማ ደርቆ ለሽሮ ደርሷል» ስትለው ሁላችንም በሳቅ ፍርስ አልን።

ወገን፣ ምን እናድርግ? ማክሰኝት የሽምብራ አገር ነው። ክረምቱ ሲወጣ ጥቁሩ አፈር ላይ በቀረው እርጥበት ይዘራል፤ ጥር ላይ እሸቱ እስር እስሩ መንገድ ዳር ይሸጣል። አማርኛችን ደግሞ ለጋ ወጣትንም «እሸት» ይላል። ሰምና ወርቁ ሳናስበው ይገጥማል። «ነውር ነው» የምትሉን፣ ታዲያ ሽምብራውን ምን እንበለው?

ጓደኛችን ግን መልስ ነበራት፤ ያሳቀንም መልሷ ነው። ያንኑ ቀልድ ከመኪና መስኮት አንገቱን አውጥቶ እሸት ለምትሸጥ ሴት የሚወረውርስ? ብትመልስለት ገበያዋ ይሄዳል፤ ዝም ብትል እሱ ይቀጥላል። መልስ መስጠት የማትችልን ሰው በሰምና ወርቅ መጎንተል እኛ ዘንድ ስድብ ነው።

እናም ማክሰኝት ስትደርሱ ዋጋ ጠይቁ፣ ክፈሉ፣ እየፈለፈላችሁ ብሉ። ቅኔውን ለሚመልስላችሁ ጓደኛ አቆዩት።