ዋልካውን የማይሻገር ችሮታ

በኢትዮጵያ ለአካል ጉዳተኞች ተሽከርካሪ ወንበር፣ በተለምዶ አጠራሩ ዊልቸር፣ ማቅረብ የበጎ አድራጎት ተግባር ሆኖ ሥር ሰድዷል፤ ወንበሮቹ በአዳራሽ ይደረደራሉ፣ ንግግር ይደረጋል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ ቁጥራቸው በሪፖርት ይሰፍራል፤ ከዚያ በኋላ ግን ወንበሩ በየትኛው መንገድ እንደሚሄድና ማን እንደሚገፋው የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። የዚህ አሠራር መሠረታዊ ስሕተት የመንቀሳቀሻ መሣሪያን እንደ ርዳታ እህል የሚታደል፣ ያለቀለት ዕቃ አድርጎ መቁጠሩና፣ አካል ጉዳተኛ ዘመዱን በየቤቱ የሚያስታምመው ሰው የሚያበጀውን መሣሪያ ደግሞ ለጊዜው የተጣፈ ነገር ነው ብሎ መናቁ ነው።

ስሕተቱ ጎልቶ የሚታየው እንደ መተማና ቋራ ባሉት የምዕራብ ጎንደር ቆላማ ወረዳዎች ነው። እርግጥ ሰሊጥና ጥጥ የሚመረትበት ይህ ሜዳማ ምድር ከጎንደር ደጋ ዳገትና ገደል ይልቅ ለመንኮራኩር የተመቸ ነው፤ ምቾቱ ግን የበጋ ነው፣ ያውም ሙሉ አይደለም። ጥቁሩ ዋልካ ውኃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ አፈር በመሆኑ፣ በክረምት ጎማ ላይ እየተለጠፈ ይጠቀለላል፣ በበጋ ደግሞ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ለሆስፒታል ወለል የተሠራው መደበኛ ወንበር የፊት ጎማዎቹ ትንንሽ፣ ጠባብና ደረቅ ስለሆኑ፣ የተቀማጩ ክብደት ወደ ፊት ሲያደላ ጭቃው ውስጥ ይሰምጣሉ፤ ስንጥቅ ከያዛቸውም ወንበሩ ተቀማጩን በፊቱ ይደፋዋል። ለምትገፋው እናት ወይም እኅት የሚቀራት ዘዴ ወንበሩን አዙራ፣ ክብደቱን በትልልቆቹ የኋላ ጎማዎች ላይ ጥላ፣ ወደ ኋላ መጎተት ነው፤ የወንበሩ ጉድለት የት ላይ እንደሆነም ይህ አጎታተት ከማንኛውም የግምገማ ሰነድ በተሻለ ያሳያል።

የሚገርመው፣ ዛሬ በችሮታ የሚታደለው ወንበር ራሱ የተገኘው ከእንዲህ ያለው የቤት ችግር መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1655 በእጅ እየተዘወረ የሚሄድ ባለ ሦስት እግር ጋሪ ያበጀው የኑረምበርጉ ሰዓት ሠሪ ስቴፋን ፋርፍለር መራመድ የማይችል ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ተጣጣፊውን የብረት ወንበር ያስገኙትም በማዕድን ማውጫ አደጋ አከርካሪው የተጎዳው ኸርበርት ኤቨረስትና መሐንዲስ ወዳጁ ሃሪ ጄኒንግስ ሲሆኑ፣ እንዲታጠፍ ያደረጉትም መኪና ላይ እንዲጫን ብለው ነው፤ መኪናም አስፋልትም ለሌለው የቋራ ገበሬ ይህ መታጠፍ የሚፈታለት ችግር የለም። ራሱ የወንበር ተጠቃሚ የሆነው አሜሪካዊው መሐንዲስ ራልፍ ሆችኪስ እ.ኤ.አ. ከ1980 አንሥቶ ከኒካራጓ ተጠቃሚዎች ጋር በጀመረው ሥራ የተደረሰበት ንድፍ ግን የፊት ጎማውን ሰፊና ለስላሳ አደረገ፣ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለውን ርቀት አስረዘመ፣ ለኋላውም በየገበያው የሚገኝ የብስክሌት ጎማ መረጠ።

ለእንዲህ ያለው ንድፍ የሚሆን ዕቃ ከምዕራብ ጎንደር ከተሞች ከገንዳ ውኃም ከመተማ ዮሐንስም አልጠፋም፤ የአህያ ጋሪ የሚጠግን በያጅ፣ ጎማ፣ ካላማዳሪ፣ መንኮራኩሩን በዘንጉ ላይ የሚያሽከረክረው ኩሽኔታም አለ። የጠፋው በያጁን፣ አስታማሚዋንና ተጠቃሚውን ከአካል ተሐድሶ ባለሙያ ጋር የሚያገናኝ አሠራር ነው። ባለሙያው የግድ ያስፈልጋል፤ ስሜት የሌለው ገላ በደረቅ መቀመጫ ላይ ሲውል ደም ወደ ቆዳው እንዳይደርስ ታግዶ የሚፈጠረው የግፊት ቁስል ሊገድል ይችላልና፣ የቤት ፈጠራን ሳይመረምሩ ማወደስም ያው ግዴለሽነት ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ተሐድሶ ልምድ ያለው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዚህ ረገድ ከማንም የቀረበ ነው።

በፈጠራ ዐውደ ርእይ ዓይን የሚስበው ግን በሞተር የሚሄደው ወንበር ነው፤ ባትሪው ሲሞት ቆላ ወርዶ ማን እንደሚጠግነው አይጠየቅም። ይሁን እንጂ ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 20 አምራቾች የተጠቃሚውን የእንቅስቃሴ ሁኔታ በሙሉ እንዲያገናዝቡ መንግሥት እንዲያበረታታ ይጠይቃል። አዋጅ ቁጥር 123/1987 ደግሞ ለአነስተኛ ፈጠራ የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፍኬት ይሰጣል፤ የሰርተፍኬቱ ዓላማ ሌላው እንዳይቀዳ መከልከል ሲሆን፣ አስታማሚዋ የምትሻው ግን በተቃራኒው የጎረቤት ቀበሌ በያጅ ሥራዋን እንዲቀዳ ነው፤ ለዚህም ልኩን በወረቀት የሚያሰፍር ሰውና የመጀመሪያውን ብረት የሚገዛ በጀት ይበቃታል።