ደመወዙን ጻፉት

አዲስ ዘመን ከተማ፣ ከጣራ ገዳም ግርጌ፣ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ሥራ ፈላጊ ሁሉ ማስረጃውን ኮፒ ሊያደርግ ሲመጣ በቴሌግራም የደረሰውን ማስታወቂያ ከፍቶ «እትዬ፣ ይሄስ ያስኬዳል?» ይለኛል። መጀመሪያ ዓይኑ የሚሄደው የመሥሪያ ቤቱ ስም ላይ አይደለም፤ የሥራ ልምድ የሚለው ላይ ነው። «0 ዓመት» ካለ ፊቱ ይፈካል። ቀጥሎ ደመወዝ ይፈልጋል። «በስምምነት» የሚል ካገኘ ያመነታል።

ይህ «በስምምነት» የሚሉት ነገር መቅረት አለበት ባይ ነኝ። መደራደር የሚችል ሌላ ሥራ በእጁ ያለ ሰው ነው። ትናንት ከደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የተመረቀች፣ የመውጫ ፈተናውን ያለፈች ልጅ ምን ይዛ ትደራደራለች? የሰጧትን ትቀበላለች፤ አለዚያ ለፍታ ትመለሳለች። «በአካል ቀርበው ይመዝገቡ» ከተባለ ደግሞ በወረታ አድርጎ ባሕር ዳር ድረስ የትራንስፖርት፣ የምሳ፣ ሲመሽም የአልጋ ወጪ አለ። ደመወዙ የቤት ኪራይ እንኳ እንደማይሸፍን ቀድማ ብታውቅ ይህን ገንዘብ ተበድራ ባልሄደች። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በዚህ ይሻላሉ፤ ደረጃውንም ደመወዙንም ቁልጭ አድርገው ይጽፋሉ። የግሉን ምን ይከለክለዋል? በአሜሪካ የኮሎራዶ ግዛት ቀጣሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ክፍያውን በማስታወቂያው ላይ እንዲገልጹ በሕግ ይገደዳሉ።

ሌላው ነገር ዋስ ነው። ገንዘብ ያዥና ንብረት ጠባቂ ሲቀጠር ዋስ መጠየቁ ይገባኛል። ግን ማስታወቂያው «በቂ ዋስ ማቅረብ የሚችል» ብሎ ያልፋል፤ ዋሱ ስንት ደመወዝ ያለው እንደሆነ አይናገርም። አንዲት የሊቦ ከምከም ገጠር ልጅ የጽሑፍ ፈተናውንም ቃለ መጠይቁንም ካለፈች በኋላ በሁለት ቀን ዋስ አምጪ ተባለች። አባቷ ገበሬ ናቸው፤ ከዘመዶቿ ደመወዝተኛ የለም። ጎረቤታቸው መምህር ሊዋሷት ፈቃደኛ ሆኑ፤ የዋስትና ደብዳቤውን የተየብኩት እኔ ነኝ። ይዛ ሄደች፤ «የእሳቸው ደመወዝ አይበቃም» ብለው መለሷት። ቦታውን ተጠባባቂው ወሰደው። የሚፈለገው የዋሱ ደመወዝ ማስታወቂያው ላይ በአንድ መስመር ቢጻፍ ኖሮ ገና ስታመለክት ታፈላልግ ነበር። ያቺን ልጅ ሳስብ እስካሁን ያናድደኛል።

የሥራ ቦታውንም «በየቅርንጫፉ» ብሎ ከማለፍ ጋይንት ይሁን እስቴ በስሙ መጥራት ነው። ቤተሰብ ያለው ሰው የሚወስነው በዚህ ነው።

ቢሮው ያማረ ነው፣ ድርጅቱ አንጋፋ ነው የሚለው ሐተታ ማንንም ሲስብ አላየሁም። ደመወዙ፣ ቦታውና የፈተናው ቀን ተለይቶ፣ ማስረጃ በስልክ መላክ ይቻላል የሚል ማስታወቂያ ሲወጣ ግን ወረፋው ከቤቴ ደጃፍ ያልፋል። ቀጣሪዎች፣ እባካችሁ፣ በሚቀጥለው ማስታወቂያችሁ ላይ ደመወዙንና የዋሱን መጠን በቁጥር ጻፉ፤ የገጠሩንም ልጅ ከነማስረጃው ሳታመላልሱ መዝግቡት።